ስለ ምስጢር መጠበቂያ የውል ቃል

በየወረዳው ላላችሁ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች።

ዘርን በውል የሚያባዛ ሰው በሚፈርመው ወረቀት ውስጥ «ምስጢሩን ለሌላ እንዳይገልጥ» የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ይገኛል። ቃሉ አጭር ቢሆንም ግዴታው ከባድ ነውና፣ የሚፈርመውም ሰው ውሉን የሚመረምረውም ሹም ትርጓሜውን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ምክንያቱን ለመረዳት የበቆሎን ነገር እንመልከት። ዲቃላ በቆሎ የሚገኘው ሁለት የተለያዩ ወላጅ ዘሮችን በማዳቀል ነው። ገበሬው ከዲቃላው ያገኘውን ምርት መልሶ ቢዘራው ልጁ ወላጁን አይመስልም፤ ፍሬውም ይቀንሳል። እንግዲህ የዘር ኩባንያው ዋና ሀብት በገበያ የሚሸጠው ዘር ሳይሆን ወላጆቹ ናቸው። ወላጅ ዘር ግን ለመባዛት በሜዳ ሊዘራ ግድ ነው። ማሳ እንደ ጎተራ አይቈለፍምና፣ ዋናው ጠባቂ የውሉ ቃል ነው።

በአሜሪካ አገር ፓዮኒየር የተባለው የዘር ኩባንያ ሆልደን የተባለውን ሌላ ኩባንያ «ወላጅ ዘሬን ወስዶ የራሱን ዘር አወጣበት» ሲል ከሰሰው። ነገሩ ብዙ ዓመት ከቈየ በኋላ፣ በ1994 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ የይግባኝ ዳኞች ፍርዱን አጸኑት፤ ካሣውም ወደ 46 ሚሊዮን 7 መቶ ሺህ ዶላር ነበር። ዳኞቹ ከተመለከቷቸው ነገሮች መካከል ማሳዎቹ ምልክት ያልተደረገባቸው መሆናቸው፣ ጆንያዎቹ በስውር ምልክት ብቻ መለየታቸው፣ ከአብቃዮቹም ጋራ ውል መኖሩ ይገኙበታል። ምስጢሩን ራሱ ያልጠበቀ ሰው ዳኛ ይጠብቅልኝ ሊል አይችልምና።

ስለዚህ ውል ሲጻፍ አራት ነገር ይታይ።

1ኛ፤ ምስጢሩ ምን እንደ ሆነ ተለይቶ ይጻፍ፤ «ማናቸውም ነገር» የሚል ቃል የክርክር ምንጭ ይሆናል።

2ኛ፤ ምስጢሩን እነማን ሊያውቁ እንደሚገባ ይገለጥ።

3ኛ፤ የሚጠበቅበት ዘመን ይወሰን።

4ኛ፤ ቃሉን ያፈረሰ የሚከፍለው ካሣ ይቈረጥ፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1889 ይህን ይፈቅዳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ ምስጢር መጠበቅ ጉዳትን መሸሸግ አይደለም። በማሳው ላይ በሽታ ወይም ተባይ ቢነሣ አብቃዩ ለጎረቤቱና ለግብርና ሹም እንዳይናገር የሚከለክል ቃል ቢገኝ፣ ከመፈረም በፊት ይሰረዝ። ሕግን የሚቃወም ግዴታ ያለበት ውል እንደማይጸና ያው ሕግ በቍጥር 1716 ይናገራልና።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ የወጣ ምስጢር አይመለስም፤ ሳያነቡ የፈረሙት ውልም እንዲሁ ነው።