ምዕራፍ 9፦ ዘር ሲቆጠር ሕመሙም ይቆጠር

በወረኢሉና በመካነ ሰላም አካባቢ ክርስቲያን ቤተሰብ ልጁን ከመዳሩ በፊት ዘር ይቆጥራል። ሽማግሌው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ እስከ ሰባት ቤት ይዘልቃል፤ የሥጋ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ያው ሽማግሌ ከየስሙ ጎን «እሱ ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም ነበር፤ እሷን ደግሞ ሳል ዕድሜዋን ሙሉ አልተዋትም» ብሎ ቢጨምርበት፣ ሐኪም ከየትም የማያገኘውን መረጃ ሰጠ ማለት ነው።

የሚሰሙ ወላጆች ለምን የማይሰማ ልጅ ይወልዳሉ?

ዘረ መል ጥንድ ጥንድ ነው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት ይመጣል። አብዛኛው በውርስ የሚመጣ የመስማት ችግር የሚከሰተው ጥንዱ በሙሉ ሲበላሽ ነው። አንዱ ብቻ የተበላሸበት ሰው ደህና ይሰማል፤ ጉድለቱን ግን ለልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል። አንድ ዓይነት ጉድለት የያዙ ባልና ሚስት በእያንዳንዱ እርግዝና ችግሩ ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድላቸው 25 በመቶ ነው። የቅርብ ዘመዳሞች ደግሞ ያንኑ ጉድለት የመጋራት ዕድላቸው ሰፊ ነው፤ ሰባት ቤት መቁጠር ጤናም የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩ እርግማን አይደለም፤ የእናትም ጥፋት አይደለም።

ሳልና ጆሮ አብረው ሲታመሙ

በአየር ቧንቧ፣ በአፍንጫና በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ አክታንና ቆሻሻን እንደ መጥረጊያ እየገፉ የሚያስወጡ፣ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች አሉ። በውርስ ምክንያት ካልሠሩ ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ አክታ ያለው ሳል አይለየውም፤ አፍንጫው ክረምት ከበጋ ይፈሳል፣ ጆሮው በተደጋጋሚ ይታመማል፣ መስማቱም ይቀንሳል። ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ ልባቸው በቀኝ በኩል ነው። ይህን ዓይነቱን ሕመም ማኔስ ካርታጌነር የተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1933 በዝርዝር ጽፎታል።

በእናት በኩል ብቻ የሚወረስ የጆሮ ጉድለትም አለ። ይህ ጉድለት ያለበት ሰው ጄንታማይሲን ወይም ስትሬፕቶማይሲን በትክክለኛው መጠን ቢወጋም እንኳ ጆሮው ሊደነቁር ይችላል። «መርፌ ተወግቶ ደነቆረ» የሚባል አጎት ወይም አክስት በእናትዎ ወገን ካለ፣ ከመወጋትዎ በፊት ይናገሩ። መድኃኒቱ ነፍስ ያድናልና እምቢ አይበሉ፤ ሌላ አማራጭ ካለ ሐኪሙ ይምረጥ።

ቤተሰብ ሁሉ ሳለ ማለት ግን ሁልጊዜ ውርስ ነው ማለት አይደለም። በደጋው ጭስ መውጫ በሌለው ጎጆ ውስጥ ኩበት ሲነድ እናትም ልጅም አንድ ጭስ ይምጋሉ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል አክታ ይመርመር።

ከዛሬ ጀምሮ ምን ያድርጉ?

1. በሁለቱም ወገን እስከ አያት ድረስ ማን እንደማይሰማ፣ ማን አስም ወይም የማይለቅ ሳል እንዳለበት፣ በስንት ዓመቱ እንደጀመረው ይጻፉ።

2. ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ከኋላው ሲጠሩት ካልዞረ «ሲያድግ ይሰማል» ብለው አይጠብቁ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈው ከአንገት በላይ ሐኪም ያሳዩት።

3. ለሳል ብለው እንጥል አያስቆርጡ፤ ደም መፍሰስና መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል እንጂ ሳሉን አያድነውም። በሚመግል ጆሮ ውስጥም ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ አይጨምሩ።

4. ልጁ የማይሰማ ከሆነ የምልክት ቋንቋ በጊዜ ይማር፤ እርስዎም አብረውት ይማሩ። አእምሮ ቋንቋን በደንብ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው፤ ቤት ውስጥ ተደብቆ ያለፈ ዓመት አይመለስም።