መልሕቅ እንዴት ይጣላል? ቫል ግድብ ለምትሄዱ ጥቂት ቃላት



ባለፈው ዲሴምበር ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ቫል ግድብ ከቤተሰብ ጋር ሄደን ነበር። ባለ ሸራ ጀልባዋን የሚነዳው ሰው በእንግሊዝኛ «ገመድ ስጥ» ብሎ ጮኸ። ጋሼ «ለእኔ ስጠኝ» ያለው መስሏቸው ገመዱን ወደ ውስጥ ሳቡት። መልሕቁ ተነቀለ፤ ነፋሱም ወደ ድንጋያማው ዳርቻ ገፋን። ማንም አልተጎዳም። ግን ከአምስታችን ዋና የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ የተማርኩትን በአማርኛ ልጻፈው አልኩ።

ማወቅ ያለብን ቃላት

መልሕቅ፦ ጀልባን ከውሃው በታች ካለው መሬት ጋር የሚያይዝ ብረት ነው። ብዙዎቻችን ቃሉን የምናውቀው ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ነው፤ እዚያም መርከበኞቹ መጀመሪያ ጥልቀቱን ለኩ፣ ከዚያ ጣሉ።

ሰንሰለት፦ በመልሕቁና በገመዱ መካከል ይታሰራል። ክብደቱ መሬት ላይ ስለሚያስተኛው መልሕቁ ወደ ጎን ይሳባል። ወደ ጎን የተሳበ መልሕቅ ይቆፍራል፤ ወደ ላይ የተሳበ ይነቀላል። የእኛም ስህተት ይኸው ነበር።

የገመድ ልክ፦ ጥልቀቱ 4 ሜትር፣ የጀልባዋ ፊት ከውሃው በላይ 1 ሜትር ቢሆን፣ ድምሩ 5 ነው። አብዛኛው ገመድ ከሆነ በ7 አባዙት፤ 35 ሜትር። ሙሉው ሰንሰለት ከሆነ በ5፤ 25 ሜትር። ነፋስ ከበረታ ጨምሩ። ደርባን ባሕር ላይ ግን ውሃው በቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ከፍ የሚልበትን ልክ አስቡ።

መሬቱ፦ አሸዋና ጭቃ በደንብ ይይዛሉ። ድንጋይና የውሃ ሣር አይታመኑም።

አጣጣሉ

1. የጀልባዋን ፊት ወደ ነፋሱ አዙሩና አቁሟት።
2. መልሕቁን ቀስ ብላችሁ አውርዱ፤ አትወርውሩ። እግራችሁ ገመዱ ውስጥ እንዳይገባ።
3. ጀልባዋ ወደ ኋላ ስትሄድ ገመዱን በልኩ ልቀቁ።
4. ገመዱን እሰሩና በሞተር ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሳቡ። መልሕቁ ከያዘ ጀልባዋ ትቆማለች።
5. በጎን በኩል ዳርቻው ላይ አንድ መስመር የያዙ ሁለት ነገሮች ምረጡ፤ ለምሳሌ ዛፍና ከኋላው ያለ ቤት። መስመሩ ከተዛነፈ ወይ ነፋሱ ዞሯል፣ ወይ መልሕቁ እየተጎተተ ነው።

የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ ይህን እንደ ደም ግፊት ነው የማየው፦ አንድ ጊዜ ለክቶ መተው የለም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና እዩ። በዚህ አገር ዲሴምበር ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ በድንገት ይመጣልና፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት አታውልቁ።

ባሕር ዳር ሄዳችሁ ጣና ላይ ብትዝናኑም ሕጉ ያው ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ግን በሦስት ቃላት ተስማሙ፦ «ጨምር፣ ሳብ፣ ያዝ»። ለታላላቆች ደግሞ «ይጨምሩ፣ ይሳቡ፣ ይያዙ»። ጋሼ አሁን ሦስቱንም ከእኔ በላይ እየጮኹ ይሏቸዋል።