መርሳት ያገኘውን ሰው ለሚጠብቁ ቤተ ሰቦች ስለሚያስፈልግ ትምህርት

አንባቢ ሆይ፤ እናቱን የሚያከብር ልጅ እናቱን ሊያስቈጣና ሊያስለቅስ አይወድም። ነገር ግን ሳያውቅ በየቀኑ የሚያደርገው ብዙ ነው።

በአገራችን አንድ ሽማግሌ መርሳት ሲያበዛ ጃጀ ይባላል፤ ነገሩም በዚያው ቃል ይታለፋል። ይህ ግን የሽማግሌዎች ሁሉ ዕጣ ሳይሆን የአንጎል ደዌ ነው፤ ከነዚህ ደዌዎች የሚበዛውንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. አሎይስ አልዝሃይመር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ገልጦታል። የታመመው ሰው ያንኑ ጥያቄ ዐሥር ጊዜ ቢጠይቅ፣ ገንዘቤን ሰረቃችሁኝ ቢል፣ በገዛ ቤቱም ተቀምጦ ወደ ቤቴ ውሰዱኝ ብሎ ቢያስቸግር፣ ደዌው ነው እንጂ ክፋቱ አይደለም። ይህን ያልተማረ ልጅ ግን ይከራከራል፤ ይጮኻል፤ ሌሊትም ስለ ጩኸቱ ያለቅሳል።

በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሜሪ ሚተልማንና ባልደረቦቻቸው ከ1987 ጀምረው፣ የትዳር ጓደኞቻቸውን በዚህ ደዌ ሳሉ በቤት የሚጠብቁ 406 ሰዎችን ተከታተሉ። እኩሌቶቹ ስድስት ጊዜ ከመካሪ ጋራ ተቀመጡ፤ ሁለቱን ጊዜ ብቻቸውን፣ አራቱን ግን ከዘመዶቻቸው ጋራ። ከዚያም በኋላ እንደነርሱ ካሉት ሰዎች ጋራ በየሳምንቱ ይገናኙ ነበር፤ ሲጨንቃቸውም መካሪውን በስልክ ይጠይቁ ነበር። በ2006 በወጣው ጽሑፍ እንደ ተነገረው፣ ሕመምተኞቻቸው ወደ መጦሪያ ቤት የሚገቡበት ጊዜ ይህን ምክር ካላገኙት ይልቅ በመካከለኛ ግምት 557 ቀን ዘገየ። ደዌው አልዳነም፤ የጠባቂዎቹ ትዕግሥት ግን በረታ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ዘመዶች የተጠሩባቸው አራቱ ቀኖች ናቸው። በብዙ ቤት ሸክሙ በአንዲት ሴት ልጅ ላይ ይወድቃልና። በበዓል ብቻ የሚመጣው ወንድም ግን እናቱ ለአንድ ሰዓት በደኅና ስታጫውተው ያይና «እማዬ ምንም አልሆነችም፤ አንቺ ነሽ የምታማርሪው» ብሎ ይሄዳል።

በእንዲህ ያለ ትምህርት የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው። እናት ወደ ቤቴ ውሰዱኝ ስትል «ቤትሽ ይህ አይደለምን?» ብሎ መሟገት አይጠቅምም፤ «እማዬ፣ እስቲ ስለ ቤትሽ አጫውችኝ» ማለት ይሻላል። ደግሞም ርቧት፣ ሽንቷ መጥቶ ወይም አንድ ነገር አሟት እንደ ሆነ መመልከት ነው። ነገሯ በአንድ ወይም በሁለት ቀን በድንገት ቢለወጥ ግን የመርሳቱ ነው ብሎ አለመተው፤ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ለጠባቂዎች ያወጣው ትምህርት አምስት ክፍል አለው፤ አንዱም ክፍል በሙሉ ጠባቂው ስለ ራሱ እንዴት እንዲያስብ የሚያስተምር ነው። በእኛ ዘንድ ግን የምትጠብቀው ልጅ ደከመኝ ማለትን ታፍራለች።

አንተ በበዓል የምትመጣ ወንድም ሆይ፤ በሚመጣው ቅዳሜ ማልደህ ና። እናትህን አንተ አብላት፤ ከርሷም ጋራ እስኪመሽ ተቀመጥ፤ እኅትህም ትተኛ።