ሽቶ ልነግድ ላልሽኝ ልጄ

1. የጠየቅሽኝ የህንዱ የሚስክ ዘር የባሚያ ዘመድ ነው። ጠረኑ ያለው በዘሩ ቅርፊት ውስጥ ነው። ሽቶ ቀማሚዎች የወደዱት አጋዘን ሳይገደል የሚስክ ጠረን ስለሚሰጣቸው ነው፤ ዓረቦችም ቡና ያጣፍጡበታል። የእኛ ዝባድ ለዚህ ዘር ሩቅ አይደለም፤ የሁለቱም ዋና የጠረን ቅንጣት 17 አተሞች ክብ ሠርተው የተያያዙበት ነው። የዘሩን ቅንጣት ኬርሽባውም የተባለ ኬሚስት በ1927 እ.ኤ.አ. ለይቶ አወቀው።

2. ሞያሌ ላይ ግን አትዝሪው። ሙቀት ብቻ አይበቃውም፣ እርጥበት ይፈልጋል። እዚህ ገና እና ሀገያ የሚባሉት የዝናብ ወቅቶች ሊቀሩ ይችላሉ። ጠረኑን ለማወቅ ጥቂት ፍሬ ግዢና አሽቺ፤ ንግድሽን በደጃችን ባለው ሙጫ ጀምሪ።

3. አጥብቄ የምነግርሽ ይህን ነው፦ የየዛፉን ሙጫ አትቀላቅዪ። በዕጣን ገበያ የትግራይ፣ የኦጋዴንና የቦረና ተብለው የሚታወቁ ሦስት ዓይነቶች አሉ፤ ዛፎቻቸውም የተለያዩ ናቸው። የትግራዩን ቅርፊቱን እየፋቁ ያደሙታል። የእኛው የቦረናው በአብዛኛው ራሱ ያነባል፤ እረኞችና ሴቶች በደረቁ ወራት ይለቅሙታል። ስለዚህ ብዙ ላግኝ ብለሽ ዛፉን በመጥረቢያ አታስመቺው። ከርቤውን፣ ቦረናዎች ቁምቢ የሚሉትን፣ ሰብረሽ ምላስሽ ላይ አድርጊ፤ መራራ ካልሆነ ተጠራጠሪ። እረኛው መዥገር እንዳይደርስበት ከብቱን የሚቀባውን የሀገርሱ ሙጫ ከከርቤው ጋር በአንድ ጆንያ ከጨመርሽ፣ ዘይቱን የሚያወጣው ሰው ገና ሲሞቅ ያውቅብሻል፤ ሁለተኛም ከአንቺ አይገዛም። ቅርፊትና አሸዋ እየለቀምሽ አውጪ። ጆንያውን ፀሐይ ላይ አታውዪው፤ ሙጫው ይለሰልስና እርስ በርሱ ይጣበቃል።

4. አፍንጫሽን ለማሠልጠን ሩቅ አትሂጂ። የቦረና እናቶች የወተት ዕቃቸውን በሚጨስ እንጨት ሲያጥኑ ተቀመጪና እዪ። ወተቱ ጣዕም ያገኛል፣ ቶሎም አይበላሽም። የትኛው እንጨት ምን ጠረን እንደሚተው ጠይቂያቸው፤ ይህን ዕውቀት ከእነሱ በተሻለ የሚያስተምርሽ ሰው የለም፣ አሁን ካልተማርሽውም ሊጠፋ ነው ብዬ እፈራለሁ።

5. ለለቃሚዋ የዕለቱን ገንዘብ በዕለቱ ስጪ።

6. ከእያንዳንዱ ጭነት እፍኝ የምታህል ናሙና በብልቃጥ አስቀሪ። የዛፉን ስም፣ የተለቀመበትን ቦታና ወሩን ጻፊበት፤ ገዢ ቅሬታ ሲያቀርብ ብልቃጡን ከፍታችሁ አብራችሁ ታሸታላችሁ።