አንድ መደምደሚያ፣ ሦስት መነሻዎች፦ የኪዳን ትምህርት በባፕቲስቶች መካከል

1. መግቢያ

ባፕቲስቶች እምነቱን በራሱ አንደበት የመሰከረን ሰው እንጂ ሕፃናትን እንደማያጠምቁ የታወቀ ነው። ይህን ልማድ በኪዳን ትምህርት ሲያስረዱ ግን አንድ ቃል አይናገሩም። ይህ አጭር ጽሑፍ ልዩነቱ ከምን እንደሚመነጭ ይመረምራል። የጽሑፉ ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ ባፕቲስቶች የሕፃናት ጥምቀት ደጋፊዎች የሚደርሱበትን መደምደሚያ በአንድነት ይክዳሉ፤ የሚክዱት መነሻ ግን ይለያያል። በመሆኑም «የባፕቲስቶች የኪዳን ትምህርት» ብሎ በነጠላ መናገር ጥንቃቄን ይጠይቃል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አንድ የቃል ጉዳይ ግልጽ መሆን አለበት። በአማርኛ «ብሉይ ኪዳን» የምንለው በአንድ በኩል ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፉትን መጻሕፍት፣ በሌላ በኩል እግዚአብሔር ከእስራኤል ጋር በሲና የገባውን ውል ነው። የዚህ ክርክር ጥያቄ ስለ ሁለተኛው ነው። ሁለቱ ትርጉሞች ከተደባለቁ፣ «ብሉይ ኪዳን የጸጋ ኪዳን አይደለም» የሚለው አባባል «በመጻሕፍቱ ውስጥ ጸጋ የለም» እንደ ማለት ይሰማል፤ ይህን ያለ ግን የለም።

2. ክርክሩ የቆመበት ሙግት

የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ በ1646 በለንደን ተጠናቀቀ። ሰባተኛው ምዕራፍ ከአዳም ውድቀት በኋላ ያለው የጸጋ ኪዳን በባሕርዩ አንድ እንደሆነ፣ ነገር ግን በሕግ ዘመንና በወንጌል ዘመን አፈጻጸሙ የተለያየ እንደነበረ ያስተምራል። ከዚህ ተነሥተው ፕሬስቢቴሪያኖች የሚያቀርቡት ሙግት ሦስት ደረጃዎች አሉት። አንደኛ፣ የጸጋ ኪዳን በዘመናት ሁሉ አንድ ነው። ሁለተኛ፣ ለአብርሃም የተሰጠው የግዝረት ኪዳንም ሆነ የሲናው ኪዳን የዚሁ አንድ ኪዳን አፈጻጸሞች ናቸው። ሦስተኛ፣ የአማኞች ልጆች በዚያን ጊዜ የኪዳኑ አባላት ሆነው ምልክቱን እንደ ተቀበሉ፣ ዛሬም አባላት ናቸውና በጥምቀት ምልክቱን መቀበል ይገባቸዋል።

ሙግቱ እርስ በርሱ የተያያዘ በመሆኑ መደምደሚያውን ብቻ መካድ አይበቃም፤ ከደረጃዎቹ አንዱ ስሕተት እንዳለበት ማሳየት ያስፈልጋል።

3. ሦስቱ አመለካከቶች

የመጀመሪያው አመለካከት ሁለተኛውን ደረጃ ይክዳል። የአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ፓርቲኩላር ባፕቲስቶች፣ ማለትም የክርስቶስ ቤዛነት በተለይ ስለ ተመረጡት ነው የሚሉት ወገኖች፣ በብዛት የያዙት ይህንን ነው። ዋና ተናጋሪያቸው በለንደን መጋቢ የነበረው ኒሂማያ ኮክስ ሲሆን፣ ከሕግ በፊት ስለነበሩት ኪዳናት የጻፈው መጽሐፍ በ1681 ታትሟል። እንደ ኮክስ አስተያየት አብርሃም የሁለት ዘር አባት ነው፤ አንዱ የሥጋ ዘር፣ ሌላው የእምነት ዘር። በዘፍጥረት 17 የተሰጠው የግዝረት ኪዳን ለሥጋ ዘሩ ምድርንና ሕዝብ መሆንን የሚሰጥ ነው፤ የጸጋው ተስፋ ለአብርሃም ቢገለጥለትም ከዚህ የተለየ ነው። የጸጋ ኪዳን ከውድቀት ጀምሮ በተስፋ ተነገረ፤ እንደ ኪዳን በሕግ የጸናው ግን በክርስቶስ ደም ነው። ኮክስ ስለ ሲናው ኪዳን በሰፊው ለመጻፍ አስቦ ሳለ፣ የጆን ኦወን የዕብራውያን መልእክት ማብራሪያ በ1680 ስለ ወጣ ጉዳዩን ለእርሱ ትቶለታል። ኦወን ራሱ ሕፃናትን ከሚያጠምቁት ወገን ነበረ፤ ሆኖም በዕብራውያን 8 ላይ አሮጌው ኪዳን የአዲሱ ሌላ አፈጻጸም ብቻ እንዳልሆነ ተከራክሯል።

ሁለተኛው አመለካከት ሁለቱን ደረጃዎች በመሠረቱ ተቀብሎ ሦስተኛውን ይክዳል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ዴቪድ ኪንግደን በ1973፣ ፖል ጁወት በ1978 ባሳተሟቸው መጻሕፍት የኪዳኑን አንድነት ተቀብለዋል። ነገር ግን ከአብርሃም እስከ ክርስቶስ ኪዳኑ ምድራዊና ብሔራዊ ገጽታ እንደነበረው፣ ይህም በክርስቶስ መምጣት እንደ ተወገደ ይላሉ። የሥጋ ልደት የአባልነት በር የነበረው ከዚያ ገጽታ የተነሣ ነው፤ ገጽታው ሲያልፍ በሩም አለፈ።

ሦስተኛው አመለካከት ክርክሩ የተመሠረተበትን የመጀመሪያውን ደረጃ አቀራረብ ይጠይቃል። ፒተር ጄንትሪና ስቲቨን ዌለም በ2012 ባሳተሙት የጋራ ሥራ እንዳመለከቱት፣ አንድ የሆነው የእግዚአብሔር ዕቅድ ነው፤ ኪዳናቱ ግን ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሁሉንም «የጸጋ ኪዳን» በሚል አንድ ስም ከመጠቅለል ይልቅ፣ እያንዳንዱን በቦታው አንብቦ ወደ ክርስቶስ እንዴት እንደሚያደርስ መከተል ይሻላል።

እነዚህ ምድቦች ግን ግድግዳ አይደሉም። በ1771 ያረፈው ጆን ጊል ስለ ጸጋ ኪዳን የተለያዩ አፈጻጸሞች ይናገራል፤ በዚህ ሁለተኛውን ወገን ይመስላል። የግዝረት ኪዳን ራሱ የጸጋ ኪዳን መሆኑን ግን አይቀበልም፤ በዚህ ደግሞ ከኮክስ ጋር ይቆማል።

4. የእምነት መግለጫው ዝምታ

ባፕቲስቶች በ1677 አዘጋጅተው በ1689 በለንደን ጉባኤ ያጸደቁት መግለጫ በብዙ ቦታ የዌስትሚንስተርን ቃል እንዳለ ይከተላል። በሰባተኛው ምዕራፍ ግን ስድስቱ አንቀጾች ሦስት ሆነዋል፤ ስለ ሁለቱ አፈጻጸሞች የሚናገረው ክፍልም ወጥቷል። በምትኩ የጸጋ ኪዳን በመጀመሪያ ለአዳም በተስፋ እንደ ተገለጠ፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ እየተገለጠ በአዲስ ኪዳን እንደ ተፈጸመ ተጽፏል።

ሌላውን ቃል በጥንቃቄ የቀዱ ሰዎች ይህን በቸልታ ተዉት ማለት ይከብዳል፤ የኮክስ መጽሐፍም ምክንያቱን ያመለክታል። ሆኖም መግለጫው አሮጌው ኪዳን የጸጋ ኪዳን እንዳልሆነ በግልጽ አልተናገረም። ስለሆነም የሁለተኛው አመለካከት ተከታዮችም መግለጫውን ሳይጥሱ ሊቀበሉት ይችላሉ። መግለጫው ለመጀመሪያው አመለካከት የታሪክ ምስክር ነው፤ ሌላውን የሚያስወጣ አጥር ግን አይደለም።

5. የእያንዳንዱ ዋጋ

እያንዳንዱ አመለካከት የሚመልሰው ከባድ ጥያቄ አለው። የመጀመሪያው፣ «የጸጋ ኪዳን ገና ካልጸና እነ አብርሃም በምን ዳኑ?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ የክርስቶስ ሞት ዋጋ በተስፋው በኩል ወደ ኋላም ደረሰ የሚል ነው፤ የመግለጫው ስምንተኛ ምዕራፍም ይህንኑ ያስተምራል። ሁለተኛው፣ «በዚያው ኪዳን አባላት የነበሩ ልጆች ያለ ግልጽ ትእዛዝ እንዴት ይወጣሉ?» ይባላል። ባለፈውና በቀጠለው ገጽታ መካከል ያለውን ድንበር ከጽሑፉ ማሳየት ግዴታው ነው። ሦስተኛው፣ ከመግለጫው በርቆ ይሄዳል፤ ለምሳሌ መግለጫው በ22ኛው ምዕራፍ የሚያስተምረውን የሰንበት ግዴታ በዚያው መልክ ማስቀጠል አይችልም።

ሦስቱም የሚገናኙት በኤርምያስ 31 ነው፤ በዚያ የተነገረው አዲስ ኪዳን ከታናሹ እስከ ታላቁ ሁሉም እግዚአብሔርን የሚያውቁበት ነውና። የልዩነታቸው ቦታም እዚሁ ነው፤ «አዲስ» የተባለው ከምን አንጻር እንደሆነ አይስማሙም። ለኮክስ ኪዳኑ ራሱ፣ ለኪንግደንና ለጁወት የኪዳኑ መልክ፣ ለጄንትሪና ለዌለም የኪዳናቱ ሁሉ ፍጻሜ ነው።

6. መደምደሚያ

ከላይ የታየው ሁለት ነገር ያስገነዝባል። አንደኛ፣ ከባፕቲስት ጸሐፊ ጋር የሚከራከር ተመራማሪ የጥምቀትን ጥያቄ ከማንሣቱ በፊት፣ ጸሐፊው ከሦስቱ ደረጃዎች የትኛውን እንደሚክድ መለየት አለበት፤ ለአንዱ የሚሆን መልስ ለሌላው አይሆንምና። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ በሕፃናት ጥምቀት ብቻ አይወሰንም። ሕጉ ዛሬ በማን ላይ ምን ግዴታ እንዳለው፣ የአማኞች ልጆች ለቤተ ክርስቲያን ምን እንደሆኑ፣ የጥንት አባቶችም በምን ተስፋ እንደሞቱ የሚሰጠው መልስ የጸጋ ኪዳን መቼና እንዴት ጸና ከሚለው ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነው።