ምዕራፍ 7፦ ሞተሩ ሳይሞቅ
ያገለገለ የናፍጣ መኪና ለሚገዙ

የናፍጣ መኪና የሚታየው በማለዳ ነው። ሻጩ «ከሰዓት በኋላ ይምጡ» ቢልዎት፣ «ግድ የለም፣ ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መኪናው ካደረበት ድረስ እመጣለሁ፤ እስክደርስ ግን እንዳያስነሡት» ይበሉት። ሰላምታ እንደተለዋወጡ መዳፍዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ብረቱ እንደ ሌሊቱ አየር ከቀዘቀዘ መልካም ነው። ሞቅ ካለ ግን ከእርስዎ ቀድሞ ያስነሣው ሰው አለ፤ ምርመራውን ለሌላ ቀን ያስተላልፉት።

ይህን የተማርሁት በገንዘቤ ነው። አንድ ፒክአፕ ጎንደር ውስጥ በእኩለ ቀን አየሁ፤ ቁልፉን ገና ስነካው ተነሣ፣ ድምፁም ደስ አለኝ፣ ገዛሁት። በሳምንቱ ለሥራ ደባርቅ አደርሁ። ጠዋት ባትሪው እስኪደክም ድረስ ብሞክር አልነሣ አለኝ። በስንት መከራ ሲነሣ ግቢውን በነጭ ጭስ ሞላው። መካኒኩ አይቶ፣ «ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ መከፈት አለበት» አለኝ። በእኩለ ቀን ሙቀት ተሸፍኖ የቆየውን ጉድ የደባርቅ ብርድ በአንድ ሌሊት አወጣው።

ብርድና ከፍታ ለምን ያጋልጡታል?

የቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ ይለኮሳል። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 ሠርቶ ያሳየው ሞተር ግን ብልጭታ አያስፈልገውም። ፒስተኑ አየሩን አምቆ ከነበረበት ቦታ ወደ ሃያኛው እጅ አካባቢ ሲያጠበው አየሩ ይግላል፤ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። የፒስተኑ ቀለበት፣ መካኒኮች ፋሻ የሚሉት፣ ካለቀ ወይም ቫልቩ ካልገጠመ አየሩ ያመልጣል፣ ግለቱም አይበቃም፤ በብርድ ጠዋት ደግሞ ይብሳል።

እኛ የምንኖረው ደግሞ አየር በሚሳሳበት አገር ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር፣ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የአየሩ ግፊት ጎንደር ላይ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል፣ ደባርቅ ላይ ከሩብ በላይ ያንሳል። ስለዚህ መተማ ቆላ ላይ ያለችግር የሚነሣ የደከመ ሞተር ደጋ ሲወጣ እምቢ ይላል። ከቆላ የመጣ መኪና የሚገዙ ከሆነ ይህን አይርሱ።

አንድ ነገር ግን ይለዩ። ብዙ የናፍጣ ሞተሮች ለብርድ ማስነሻ የሚግሉ ትናንሽ ካንዴላዎች አሏቸው። እነሱ ብቻ ከተቃጠሉ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ነጭ ጭስ አውጥቶ ይስተካከላል፤ ጥገናውም ቀላል ነው። ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ግን ነገሩ ከባድ ነው።

ጭሱን ያንብቡ

ጥቁር ጭስ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው፤ የአየር ፊልትሮው ቆሽሾ ወይም ኖዝሉ አልቆ ሊሆን ይችላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በደጋ ዳገት ላይ ጥቂት ቢጠቁር አያስደነግጥም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጭ ሆኖ የሚቀጥል ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ ውኃ ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱና መዳፍዎን ከላዩ ያድርጉ። ትንፋሹ ለስለስ ያለ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ድስት እንፋሎት እየተገፋ ከወጣ ፋሻው ደክሟል። ክዳኑን ገልብጠው ይዩት፤ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይበላ አልቀረም።

ራዲያተሩና ናፍጣው

የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይሞቅ ብቻ ይክፈቱ። ውኃ ጎንደር ላይ በ93፣ ደባርቅ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ያለው መኪና ዳገት ላይ ያፈላል። ውስጡ ዝገት የቀላቀለ ውኃ ካለ ለዓመታት የቧንቧ ወይም የወንዝ ውኃ ሲሞላበት ኖሯል ማለት ነው።

ናፍጣ በጠፋ ሰሞን በጀሪካን ሲገዛለት የኖረ መኪና አለ። በጀሪካን ውኃም አቧራም ይገባል። ኬሮሲን የተቀላቀለበት ናፍጣ ደግሞ ማለስለሻው ስለሚያንስ ፓምፑን ይበላል። ከፊልትሮው ሥር ያለውን መክፈቻ ፈታ አድርገው በንጹሕ ጠርሙስ ይቅዱ፤ ውኃ ካለ ከታች ይቀመጣል። የቆሸሸ ናፍጣ ጉዳቱ ለአዲሶቹ ሞተሮች ይብሳል። የቀድሞዎቹን አባዱላና ላንድክሩዘር ፓምፕ ልምድ ያለው ባለሙያ ፈትቶ ይገጥመዋል፤ ዲ-ፎር-ዲ የተጻፈባቸው መኪኖች ኢንጀክተር ግን በኮምፒውተር የሚታዘዝ ስለሆነ መለወጫው ውድ ነው። ታይሚንግ ቤልቱ መቼ እንደተቀየረም ይጠይቁ፤ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ዳገቱ ይመስክር

አሁን ይንዱት። ጎንደር ላይ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚያወጣው ዳገት ጥሩ መፈተኛ ነው። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲጨምሩ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ከፍ ብሎ መኪናው ካልተፋጠነ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ከላይ ሲደርሱ ሞተሩን ሳያጠፉ የሙቀቱን መለኪያ ይመልከቱ። ሲወርዱ በሁለተኛ ማርሽ ይልቀቁት፤ ማርሹ ካመለጠ ካምቢዮው ችግር አለበት። ፍሬን ሲይዙ መሪው ወደ አንድ ጎን መሳብ የለበትም።

ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ከደባርቅ ቁልቁል የሚወርደውን የሊማሊሞን መንገድ የጠረቡትም ጣሊያኖች ናቸው። በዚያ ቁልቁለት ላይ ማርሹ ቢያመልጥ ወይም ፍሬኑ ቢግል የሚያቆም ሜዳ የለም።

ወረቀቱ

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በባትሪ መብራት አይተው ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ መመዝገቡን ይጠይቁ። የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት መኪናው ከተመዘገበበት ቢሮ ያረጋግጡ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው ያልተሻረ መሆኑንና ለመሸጥ መፍቀዱን ይዩ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ያገለገለ መኪና ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል። ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ሲልዎት ልብዎ ይሰቀል ይሆናል። ይምጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። እርስዎ የሚያምኑትን መካኒክ ቀጥረው ድካሙን ይክፈሉት። በዚያ መኪና ልጆችዎን አሳፍረው የሊማሊሞን ቁልቁለት የሚወርዱት እርስዎ ነዎት፤ ደላላው በዚያ ሰዓት ጎንደር ነው።