ከመርከቧ የወረደው እጣቢ

በአዲሱ ሺህ ዓመት መባቻ «ሉላዊነት»፣ «ዘላቂ ልማት» እና «የኩባንያዎች ኃላፊነት» የሚሉት ቃላት ከትልልቅ ኩባንያዎች ዓመታዊ ዘገባ የማይጠፉ ሆነው ነበር። እኛ ግን ጉዳዩን በኬሚስትሪ በኩል ለማየት እንሞክር። ለዚህም ፕሮቦ ኮዋላ የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በ2006 ያደረገችው ጉዞ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

ትራፊጉራ የተባለው የነዳጅ ንግድ ኩባንያ ሰልፈር የበዛበት ርካሽ ናፍታ ገዝቶ በመርከቧ ላይ በኮስቲክ ሶዳ አጠበው። በናፍታው ውስጥ የሚገኙት ሜርካፕታን የሚባሉ የሰልፈር ውሁዶች ደካማ አሲዶች ናቸው፤ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲገናኙ ወደ ጨውነት ይለወጣሉ። ጨው ደግሞ በዘይት ሳይሆን በውኃ ስለሚሟሟ ከነዳጁ ተለይቶ ከሥር ይቀራል። ነዳጁ ጸዳ፤ ሰልፈሩ ግን አልጠፋም፣ ወደ እጣቢው ተዛወረ እንጂ። እጣቢው አልካሊ ሆኖ እስከቆየ ድረስ አብዛኛው ሰልፈር በፈሳሹ ውስጥ ታስሮ ይቆያል። ፒኤች ዝቅ ሲል ጨዎቹ ተመልሰው ሜርካፕታንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይሆኑና ወደ አየር ያመልጣሉ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ነው። መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም።

አምስተርዳም ላይ ቆሻሻ የሚያክመው ድርጅት መጀመሪያ የጠየቀው በሜትር ኪዩብ 27 ዩሮ ነበር። ሽታው አካባቢውን ሲያውክ ናሙና መርምሮ ዋጋውን ከ30 እጥፍ በላይ አሳደገው። ኩባንያው አልተስማማም፤ እጣቢው ተመልሶ ተጫነ። በኦገስት ወር አቢጃን፣ ኮትዲቯር ላይ አንድ የአገሬው ድርጅት በ35 ዶላር ገደማ ተረከበው። ማከሚያ ስላልነበረው ከ500 ሜትር ኪዩብ በላይ የሆነውን ፈሳሽ በከተማዋ ልዩ ልዩ ስፍራዎች ደፋው። ከ100,000 በላይ ሰዎች ሕክምና ፈለጉ፤ የአገሪቱ ባለሥልጣናት ቢያንስ 15 ሰዎች መሞታቸውን ገለጹ። ኩባንያው እጣቢው ለሞት አያበቃም ሲል ተከራክሯል።

ታዲያ በታንከሩ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቀው ማን ነበር? ያጠበው ነው። የኔዘርላንድ ፍርድ ቤትም በ2010 ኩባንያውን 1 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው ቆሻሻውን በሕገ ወጥ መንገድ ከአገር በማስወጣቱና አደገኛነቱን በመደበቁ ነበር።

በ1989 የጸደቀው የባዝል ስምምነት አደገኛ ቆሻሻ ከመላኩ በፊት ተቀባዩ አገር በጽሑፍ እንዲፈቅድ ያዛል። ከመርከብ መደበኛ ሥራ የሚወጣውን ቆሻሻ ግን፣ በሌላ ውል የሚሸፈን ከሆነ፣ አይመለከትም። ነዳጅን ባሕር ላይ ማጠብ «መደበኛ ሥራ» ነው ወይ? እጥበቱ በየብስ ባለ ማጣሪያ ተካሂዶ ቢሆን ኖሮ ይህ ጥያቄ ባልተነሣ። ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት መሠረት፣ በጉዞ ላይ ያለ መርከብ ጭነቱን ሆን ብሎ ከሌላ ነገር ጋር ኬሚካላዊ አጸግብሮት ውስጥ ማስገባት ተከልክሏል።